የአያ አለምነህ ማረሻ

አያ አለምነህ ማረሻቸውን ሊያስሉ ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ከተማ ሄደው ከብረት ሠሪው ባለእጅ ከመባ ደጅ ሲደርሱ ያዩትን ማመን አቃታቸው። «የሥራ ማስታወቂያ አይቼ ልምጣ» ብሎ በጠዋት የወጣው ባለዲግሪ ልጃቸው ሰውመሆን፣ እጁ በጥላሸት ጠቁሮ የሩዝ መፈልፈያ መኪና ይፈታል። ማረሻቸውን እንደያዙ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ ዞረው ሄዱ። ልጁ ሮጦ ደረሰባቸው።

«አንተ! ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁህ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው? አገር ምን ይለኛል? ሁለተኛ እዚያ ደጅ ብትረግጥ ልጄ አይደለህም!»

«አባባ፣ በእርጋታ ይስሙኝ። የመንግሥት ሥራ ስጠብቅ ሁለት ዓመቴ። ቢመጣ ዛሬም እሄዳለሁ። ግን በአንድ በር ላይ አፍጥጬ ዕድሜዬ አለቀ። ታኦ የሚባለውን ትምህርት ያስተማሩ የጥንት ቻይና ሊቃውንት፣ ሰው ከውሃ ይማር ይላሉ። ውሃ ድንጋይ ቢገጥመው ዞሮ ያልፋል እንጂ አይሟገትም፤ ዝቅ ያለ ቦታም አይንቅም።»

«ቻይና መንገዱን ይሥራ፤ ልጅ ማሳደግ እኔን አያስተምረኝም! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«እርስዎስ፣ ሩዝ የመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ‹የረግረግ ሣር› ብሎ ሲስቅ ዘርተውት የለም? ጤፉንም አልተዉም። ያ ውሃ የተኛበት መሬት እስከ ዛሬ የሚያበላን እርስዎ ያኔ ስላልናቁት ነው።»

አያ አለምነህ ማረሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ መንደራቸው መንገድ ገቡ፤ ልጁም ተከተላቸው። እውነት ከገዛ ልጅ አፍ ስትወጣ ትመርራለች፤ እሳቸውንም መረረቻቸው።

ከሩዝ ማሳቸው ሲደርሱ ከባድ ዝናብ ወርዶ ነበር። ጠዋት፣ ጠብታ ውሃ እንዳይባክን ብለው ማሳውን የከበበውን የአፈር ክትር መውጫ ሁሉ በጭቃ ደፍነውት ነበር። አሁን ውሃው ሞልቶ ክትሩ ሊናድ ደርሷል፤ ከተናደ የዓመቱ ቡቃያ አብሮ መሄዱ ነው። ሰውመሆን ዘሎ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ቀደሙት። በያዙት ማረሻ አንዱን መውጫ ቆፍረው ከፈቱት። ውሃው እየተጋፋ ወጣ፤ ክትሩ ቆመ።



«አንተንም እንዲሁ ደፍኜህ ኖሯል» አሉ፣ የሚወጣውን ውሃ እያዩ።

እውነት ነው። እጁ ሙያ የያዘ ሰው የቢሮው ጥሪ ቢመጣ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ቢቀርም አይዋረድም፣ እንጀራውንም አያጣም። የተማረ ሰው ባለእጅ ቢሆን የሚያሳፍረው ሙያው ሳይሆን ንቀታችን ነው።

አያ አለምነህ ማረሻውን ከጭቃው አጥበው ለልጃቸው ዘረጉለት።

«ነገ ለመባ ውሰድለት» አሉና ጥቂት አሰቡ። «የለም። አንተው ቀጥቅጠህ ሳለው።»