ድንኳን ሰፊውና በዓይን የማይታዩት ገመዶች

ወንድሜን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ ስወጣ፣ ጎረቤቴን ድንኳን ሰፊውን ኮሪደሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከመሰላል ወድቀው ቅልጥማቸው ከተሰበረ ሁለት ወር አልፏል። ሐኪሙ «አጥንቱ መያያዝ ጀምሯል፤ በክራንች እየተደገፉ ቀስ ብለው ይርገጡበት» ቢላቸውም እምቢ ብለው ተኝተው ከርመዋል። ወንበሩን የምትገፋው የእህታቸው ልጅ እዚያው ላቦራቶሪ ትሠራለች።

«እስቲ አንተ ፍረደን» አሉኝ። «የተሰበረ ወንበር በሙጫ አጣብቀህ፣ ሳይደርቅ ትቀመጥበታለህ?»

«አጎቴ፣ አጥንት እኮ ሕይወት አለው» አለች ልጅቷ።

«የኔስ ሕይወት? ዳግም ቢሰበር ድንኳኑን አንቺ ልትሰፊልኝ ነው?»

«እኔማ ቁልፍ መትከልም አልችል። ግን ተኝተው ከቀሩ እርስዎም አይሰፉም።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እግራቸው ከስቶ ሱሪው ውስጥ ይዋልላል። ቆመው ሸራ መቁረጥ ካልቻሉ ሱቁ ይዘጋል።

ልጅቷ ሌላ አልተከራከረችም። እኔም እየተከተልኳቸው ወደ ላቦራቶሪው ገፋቻቸውና ማይክሮስኮፕ አስጠጋችላቸው።

«ይህ ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ሕዋስ ነው። አጥንትም ስብም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያሉት ክሮች ይታዩዎታል?»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ምን ክር ነው፣ ገመድ እንጂ! ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። ማነው የወጠረው?»

«ራሱ ነው የሚስበው። የቆመበት ነገር ጠንካራ ሲሆን ገመዶቹ ይወጠራሉ፤ ያን ጊዜ ወደ አጥንትነት ያደላል።» ሕዋሱ ያለበትን ሳህን አንስታ ሌላ ተካችበት። «ይኸኛው ደግሞ ለስላሳ ነገር ላይ ያደገ ነው።»

«ይሄማ ድቡልቡል ብሏል። ጭቃ ላይ የተተከለ ድንኳን ማለት ነው፤ ካስማው የሚይዘው ሲያጣ ሸራው ይረግባል።»

«እንዲህ ያለው ወደ ስብነት ያደላል።»

ቀና ብለው እግራቸውን አዩ። «ታዲያ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ገመዱን አርግቤ ነው የተኛሁት?»

«የሰው እግር ከዚህ ሳህን ይልቅ ውስብስብ ነው። ቢሆንም ሲረግጡ አጥንቱ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ጫናው ይሰማቸዋል። ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል ብቻ ይርገጡ።»

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?»

«ስነግርዎት ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር።»

«አምጪው ክራንቹን!»

ወደ ሐኪሙ ወሰድናቸውና በፊቱ አራት እርምጃ ሄዱ። ላባቸው እየተንጠባጠበ «ተባረኪ ልጄ» አሏት፤ እኔንም፣ ሐኪሙንም፣ ክራንቹንም አመሰገኑ።

ዛሬ ቆመው ሸራ ይቆርጣሉ። የታዘዘበትን ምክንያት የተረዳ ሕመምተኛ ትእዛዙን ራሱ ይጠብቀዋል፤ የልጅቷ ትዕግሥት ያተረፈው ይህን ነው። ባለፈው ሳምንት ላቦራቶሪው ስገባ፣ ማይክሮስኮፑ ከድንኳን ሸራ የተሰፋ አቧራ መከላከያ ለብሷል። አራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ ገመዶች አሉ፤ አራቱም ተወጥረው ታስረዋል።