የመኪናዬ ወለል

ግቢዬ ውስጥ በባጃጅ ሞተር የምትሄድ መኪና ስሠራ፣ ለወለሏ ላሜራ ልገዛ ሸዋ ሮቢት ገበያ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጋሽ እንድሪስ አብረውኝ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሱን ላሜራ ሳነሳ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉትና፣ «ልጄ፣ ይሄ የሰው ክብደት አይችልም፤ ወፍራሙን ውሰድ» አሉኝ። ባለሱቁ እየሰማ ስለሆነ ክብሬ የተነካ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት መንዳት ነው፤ መሥራቱን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። ስሱንም ገዝቼ ተመለስኩ።

መኪናዋ ያለቀች ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ጋሽ እንድሪስን ጎኔ አስቀምጬ ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ወለሉ ተቀደደና ቀኝ እግራቸው ሾልኮ መንገዱ ላይ ተጎተተ። ፍሬን ይዤ እግራቸውን ሳወጣው ቁርጭምጭሚታቸው ተልጦ ይደማል። ሰው ሮጦ መጥቶ «ምን ተፈጠረ?» ሲል፣ ጋሽ እንድሪስ ቀደሙኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው፤ ደንግጬ በኃይል ረገጥኩት» አሉ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ሰፈሩ ዛሬም የሚያወራው ጋሽ እንድሪስ መኪናዬን እንደሰበሩ ነው። እሳቸው ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ ቀና ብዬ አላያቸውም።