ፍርድ ቤት የፈታው ወንድሜ

አምቦ ላይ ዳኛው «ፖሊስ ማስረጃ ስላላቀረበ ይለቀቅ» ሲሉ እናቴ እዚያው ችሎቱ ውስጥ እልል ልትል ነበር፤ አፏን ያዝኳት። ታናሽ ወንድሜ ጊንጪ አስተማሪ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወስደውት፣ በምን እንደታሰረ የነገረን ሰው አልነበረም። የሚለብሰውን ይዘን በደስታ ወደታሰረበት ጣቢያ ሄድን። በር ላይ የነበረውን ወጣት ፖሊስ «ልንወስደው መጥተናል፤ ፍርድ ቤት ፈቶታል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የፈታው ፍርድ ቤት ነው፤ እኛ አልፈታነውም» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን አልሳቀም። እናቴ ጠጋ ብላ «ታዲያ ልጄ፣ ከዳኛ በላይ ማን ጋ እንሂድ?» አለችው። በኦሮምኛ «እናቴ» ብሎ ጠራት። «ሃርሜ፣ እኔም አላውቅም። ልብሱን ይስጡኝ፣ አደርስለታለሁ፤ እርስዎ ቤትዎ ይግቡ» አላት። ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ። ልብሱን ሰጥተነው በሚኒባስ ወደ ጊንጪ ተመለስን።

ወንድሜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ብቻውን ከተፍ አለ። «ሂድ» ብለውት ነው። ለምን እንደገባም፣ ለምን እንደወጣም የነገረው የለም። ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሲለው እየሳቀ ተቀበለ፤ ማስተማሩንም ቀጥሏል። ብቻ እስከ ዛሬ ምሳ እየበላን ደጃችን ላይ መኪና የቆመ እንደሆነ፣ ተነስቶ እጁን ይታጠብና ጫማውን ያደርጋል።