መምህር ኃይለልዑል ቃሉን ያውቁት ነበር

መምህር ኃይለልዑል አሥራት ከአባታቸው ከአቶ አሥራት ገብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባ ይመር በ1951 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ተምረው፣ በእንግሊዝኛ መምህርነት ተመርቀው፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አስተማሩ። ቁጥሩን እንድገመው፤ ሃያ አራት ዓመት።

በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሰረት ወልዴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሲራክንና ዮዲትን አፈሩ። በ2001 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ከከተሙ በኋላ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል አጎራባች ከተማ በሚገኝ የሆስፒታል ጨርቅ ማጠቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው በከረጢት ታስሮ የሚመጣውን መለየት ነበር፤ አንሶላው ለብቻ፣ ፎጣው ለብቻ፣ ተረስቶ የተገኘ መርፌ ደግሞ በመቆንጠጫ ተይዞ ወደ ሣጥኑ። ቋንቋው ለሚቸግራቸው አዲስ ሠራተኞችም፣ «ሶርት ማለት ዝም ብሎ መለያየት አይደለም፤ እያንዳንዱን አይቶ ከዓይነቱ ጋር ማኖር ነው፤ ያላየኸውን አትነካም» እያሉ ያስተምሩ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመጣ አለቃ፣ ሥራው ይፍጠን ብሎ፣ ጨርቁ ሳይታይ እየታቀፈ ወደ ማሽን እንዲገባ አዘዘ። መምህሩ በጽሑፍ ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም። በሦስተኛው ሳምንት አንሶላ ውስጥ የተደበቀ መርፌ መዳፋቸውን ወጋቸው፤ ጉበታቸውን የጨረሰው በሽታም ከዚያ መጣ። የድርጅቱ ሪፖርት ግን ሠራተኛው «ሶርት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉም ባለማወቁ ራሱን ጎዳ ይላል። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!

ፈርመው ቢቀበሉ ቀላል ሥራ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። እኛ ዘመዶቻቸውም እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ሰግተን፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለው ሳይን ያድርጉት» አልናቸው። እርሳቸው ግን አሥራ አንድ የሰዋስው ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ አክብበው ሪፖርቱን መለሱት፤ ከሥራም ተሰናበቱ። ሕመሙ እየጠናባቸውም፣ ስማቸውን ያጎደፈው ሪፖርት እንዲታረም ለአራት ዓመታት ደብዳቤ ጻፉ።

ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐሙስ ዕለት የድርጅቱ መልስ በስማቸው ደረሰ። ሪፖርቱ እንደማይለወጥ ገልጾ፣ ደብዳቤውን መረዳት ከቸገራቸው አስተርጓሚ እንደሚመደብላቸው ያስታውቃል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

መምህር ኃይለልዑል ባለቤታቸውን ወይዘሮ መሰረትን፣ ልጆቻቸውን ሲራክንና ዮዲትን፣ የልጅ ልጃቸውን ሔራንን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጎን ያኑርልን፤ የበደሏቸውን እርሱ ይፋረዳቸው፤ ይፈርሙ ያልናቸውንም ይቅር ይበለን። አሜን።