ጋሽ ዘውገን የገደለው ስክሪን

ገበያው ዳር ካለ የመኪና ዲኮር ቤት ደጃፍ፣ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ ሽቦው በተንዠረገገ የእድር ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ፤ ገጣጣሚው ፊውዝ ሊገዛ ወጥቷል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩምባ እየነፋ ሰፈሩን ለቀብር ሲጠራ የኖረው ዘውገ፣ እንደዚያ ጠዋት ተናዶ አያውቅም፤ ከእድሩ ጸሐፊ ከልዑልሰገድ ጎን ተቀምጧል።

ልዑልሰገድ፦ ጋሽ ዘውገ፣ ማይክ ነው እንጂ አይነክስም። ጠጋ ይበሉት።

ዘውገ፦ አልናገርም አልኩህ! ከአፌ ላይ አንሳልኝ ይሄን ነገር።

ልዑልሰገድ፦ አንዲት ቃል ብቻ። «አልሞትኩም፣ ስህተት ነው» ይበሉና ሁላችንም ወደየሥራችን እንሂድ።

ዘውገ፦ እኔ ደግሞ ምን ሥራ አለኝ? ሞቻለሁ። ሬሳ አያስተባብልም።

ልዑልሰገድ፦ እባክዎ ቀልዱ ይቆየን። አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው።

ዘውገ፦ የማን ቀብር?

ልዑልሰገድ፦ ያው… የእርስዎ።

ዘውገ፦ ጎሽ! እንዲህ በራስህ አፍ በለው። ጠዋት በእኔ አፍ ነበር ያስባልከው።

ልዑልሰገድ፦ እኔ ምን አደረግሁ? ገጣጣሚው ነው የጣሪያውን ስፒከር ከውስጡ ጋር አንድ ላይ ያሰረው። እኛ እዚህ ጋቢና ውስጥ ለራሳችን የምንሞክር መስሎን… መስኮቱም ዝግ ነበር።

ዘውገ፦ ገበያ መሃል ሰው ገድለህ መስኮቱ ዝግ ነበር ትለኛለህ?

ልዑልሰገድ፦ ለሙከራ ነበር!

ዘውገ፦ ከሁለት መቶ አሥር አባል ለሙከራ የተገኘሁት እኔ ነኝ?

ልዑልሰገድ፦ እውነቱን ልንገርዎት? ማንም እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። የሌላ ሰው ስም ብነካ ዘመድ ሊሰማ ይችላል። እርስዎ ግን የእድሩ ነዎት። እንደ ድንኳኑ፣ እንደ ወንበሩ… ማለቴ እንደ ቤተሰብ።

ዘውገ፦ የፊተኛው ነው የልብህ። አታስተካክለው።

ልዑልሰገድ፦ ቃል አይጠምዝዙብኝ። ስክሪኑ ላይ ስም ዝርዝር አለ፤ ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ነካሁ፤ ስምዎ ወጣ። ይኸው ነው።

ዘውገ፦ በማን ድምፅ ወጣ?

ልዑልሰገድ፦ በእርስዎ።

ዘውገ፦ ድምፄን ከየት አመጣው? ንገረኝ እስቲ። ማክሰኞ ዕለት «ጋሽ ዘውገ፣ ማይኩ መሥራቱን እንይ፣ ወፍራም ድምፅ ያስፈልገናል» አልከኝ። እኔም ሞኙ መነጽሬን አጥልቄ፣ «ሰማችሁ ወይ» ብዬ ጀምሬ፣ «አርፈዋልና ቀብር በስምንት ሰዓት በገብርኤል» ብዬ ጨርሼ፣ ከዚያ ደግሞ የአባላቱን መዝገብ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥር አነበብኩልህ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውሃ ሰጠኸኝ። እንዴት ያለ ትሁት ልጅ ነው ብዬ ለትርንጎ ነገርኳት።

ልዑልሰገድ፦ ዘመናዊ አሠራር ነው። ለእርስዎም የታሰበ ነው እኮ። ጉልበትዎ ደክሟል፣ ዳገቱ ይከብድዎታል። መኪናው ሰፈሩን በአሥር ደቂቃ ይዞረዋል። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸድቀዋል፤ እርስዎም በክብር ያርፋሉ።

ዘውገ፦ አረፍኩልህ እኮ! እሑድን መች ጠበቅሁ?

ልዑልሰገድ፦ ኤጭ!

ዘውገ፦ እና ከእሑድ ወዲያ እኔ የለሁም።

ልዑልሰገድ፦ ድምፅዎ አለ።

ዘውገ፦ ድምፄ ሥራውን ይቀጥላል፣ እኔ እባረራለሁ።

ልዑልሰገድ፦ መባረር አይባልም። የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ ፍሬሙም ጥሩ ነው።

ዘውገ፦ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ለጥፍልኝ።

ልዑልሰገድ፦ ከእርስዎ ጋር ቁም ነገር ማውራት አይቻልም።

ዘውገ፦ ቁም ነገር ፈለግህ? ትርንጎ ገበያ ነበረች። ሽንኩርት ትመርጣለች። ድምፄን ስትሰማ «ደግሞ ማን ሞቶ ነው» ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ያ ድምፅ ተሳስቶ አያውቅማ። «አቶ ዘውገ ደስታው» ሲል እዚያው አስፋልቱ ላይ ተዘረረች። ነጠላዋን ጥላ፣ ጉልበቷ ተገሽልጦ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ እየጮኸች ቤት ስትገባ እኔ ጓሮ ጎመን እኮተኩታለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ ሲያዩዎት እንኳን ደስ…

ዘውገ፦ በጥፊ አጮለችኝ። «አንተው ነህ የተጣራኸው፣ ድምፅህን አጣዋለሁ ወይ?» አለች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆሜ ቁጭ ብላ አለቀሰችልኝ። ይሄን የምነግርህ እንድታዝን ብዬ አይደለም፤ አንተ አታዝንም። ግን አፍሬያለሁ። በገዛ ድምፄ የገዛ ሚስቴን አስለቀስክብኝ።

ልዑልሰገድ፦ …ይቅርታ። ከልቤ ነው። ነገር ግን አዲስ ነገር ሲጀመር ስህተት ያለ ነው።

ዘውገ፦ «ነገር ግን»ን ባትጨምራት አምኜህ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?

ዘውገ፦ ምንም። ብቻ ሞቴ እንኳ ሞት አይመስልም። የማን አባት፣ የማን ባል፣ አስከሬኑ ከየት እንደሚነሳ፣ አንድም የለውም። ለሰው ልጅ እንዲህ ይለፈፋል? ባለ ወፍጮ ቤቱም ዘውገ ነው የሚባለው። ገሚሱ ለቀስተኛ እዚያ ሄዶ ደረቱን መትቶለታል። ዱቄት እንደለበሰ ወጥቶ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ሲል አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች።

ልዑልሰገድ፦ የአባት ስም እኮ አለበት።

ዘውገ፦ ሰው ደንግጦ የአባት ስም ይሰማል? እኔ ስጠራ ስሙን ሦስት ጊዜ ነው የምለው፤ አንዴ ለጆሮ፣ አንዴ ለልብ፣ አንዴ ደግሞ በሩን ከፍቶ ለሚወጣው። የወይዘሮ አስካለ በር ጋ ስደርስ ግን ጥሩምባውን በጋቢዬ ጠቅልዬ በጸጥታ አልፋለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ልዑልሰገድ፦ አላውቅም።

ዘውገ፦ የልጇን ሞት እዚያ በር ላይ የነፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ስትሰማ ትወድቃለች። ለጎረቤቷ ሹክ እላለሁ፤ ጎረቤቷ ገብታ ቀስ አድርጋ ትነግራታለች።

ልዑልሰገድ፦ በጣም ጥሩ መረጃ ነው። ስክሪኑ ካርታ አለው፤ ቤቱ ላይ ምልክት እናደርጋለን።

ዘውገ፦ ምን ብለህ? «ወዳቂ ሴት» ብለህ?

ልዑልሰገድ፦ ጋሽ ዘውገ፣ ትዕግሥቴ አልቋል። አክብሬዎት ነው እንጂ፣ ጥሩምባ መንፋት እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ሳንባ ያለው ሁሉ ይነፋል። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይሄን ስክሪን አስመርጬ፣ ማይኩን ከፀሐይ መከለያው ሥር አስገጥሜ፣ የኋላ ካሜራ ሁሉ አስጨምሬ…

ዘውገ፦ ድንኳን ለሚጭን መኪና የኋላ ካሜራ! ለቀስተኛ እንዳያመልጥህ ነው?

ልዑልሰገድ፦ ይሳቁ። ዘመኑ ግን እየጠበቀዎት አይደለም።

ዘውገ፦ መልካም። የተማርክ ከሆንክ አንተው ለምን አታስተባብልም?

ልዑልሰገድ፦ አስተባብያለሁ። ሦስት ጊዜ።

ዘውገ፦ ምን ብለህ?

ልዑልሰገድ፦ ተገቢውን ነው ያልኩት።

ዘውገ፦ እስቲ ልስማው።

ልዑልሰገድ፦ «ክቡራን የእድራችን አባላት፣ ቀደም ሲል በአቶ ዘውገ ደስታው ዙሪያ የተከሰተው ጉዳይ በቴክኒክ ችግር ምክንያት መሆኑን እንገልጻለን።»

ዘውገ፦ እኔ የሞትኩት በቴክኒክ ችግር ነው?

ልዑልሰገድ፦ ሰዎቹም እንደዚያ ነው የተረዱት! መኪና ገጭቶት ነው ተባለ። ኧረ ኤሌክትሪክ ነው የያዘው ያሉም አሉ። ለአራተኛ ጊዜ ልናገር ስል አንድ ሽማግሌ መስኮቱን በከዘራ እየደበደበ «ድንኳን ላለመትከል ነው አይደል!» ብሎ ሰደበኝ።

ዘውገ፦ ሃ! ሃ! አቶ መንገሻ መሆን አለበት። ጥሩ ሰው ነው።

ልዑልሰገድ፦ ድንኳኑም እኮ ተተክሏል! እርስዎ በር ላይ! ቄሶቹ ተነግሯቸዋል። እሑድ ጉባኤው ፊት ይሄ ከተነሳ እኔ አለቀልኝ። እዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም።

ዘውገ፦ አሁን ገና የሚመለከትህ ነገር ተናገርክ።

ልዑልሰገድ፦ ስለዚህ ይናገሩልኝ። ወደ ማይኩ ጠጋ ይበሉ… ይኸው፣ ቀይዋ ስትበራ ነው።

ዘውገ፦ እሺ፣ ተናገርኩ እንበል። ጠዋት «ዘውገ ሞቷል» ያለውም የእኔ ድምፅ፣ አሁን «ዘውገ አልሞተም» የሚለውም የእኔ ድምፅ። ያውም ከዚሁ ጣሪያ ላይ። የቱን ይመኑ? ሠላሳ አንድ ዓመት የታመነ ነገር ነበረኝ። ሌላ ሀብት የለኝም። አንተ ደግሞ በአንድ ጣትህ ውሸታም አደረግኸው።

ልዑልሰገድ፦ እንግዲያው ራስዎ ይዙሩ። ሰው በዓይኑ ያይዎታል፣ ያልቃል።

ዘውገ፦ እስከዚህ በምን የመጣሁ መሰለህ? ወይዘሮ እልፍነሽ አየችኝና አማትባ ግድግዳ ተደገፈች። ባለሱቁ «ወንድምየው ነው፣ ቁርጥ እሱን» አለ። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹን አካፋ እንደያዙ አገኘኋቸው፤ አዲስ ልጆች ናቸው፣ አያውቁኝም። «የማን ነው?» ብላቸው «ዘውገ የሚባል ሰውዬ» አሉኝ። ቁመቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ልዑልሰገድ፦ ምን አሏቸው?

ዘውገ፦ የእኔን ያህል ነው አልኳቸው። ምን ልበል? ልጆቹ በሥራቸው ላይ ናቸው።

ልዑልሰገድ፦ ጋሽ ዘውገ፣ በማርያም! ምን ላድርግ? እሑድ የሚቀርበውን አጀንዳ እሰርዘዋለሁ። ጥሩምባዎ ይቀጥላል። በፊርማ እሰጥዎታለሁ።

ዘውገ፦ ፊርማህን ለራስህ። ድምፄን ከዚህ ውስጥ አውጣ።

ልዑልሰገድ፦ እንዴት አውጣ?

ዘውገ፦ አጥፋው። «ሰማችሁ ወይ»ንም፣ ስሞቹንም። አሁን፣ እያየሁህ።

ልዑልሰገድ፦ ይሄ እኮ የስንት ሌሊት ድካም ነው! ሁለት መቶ አሥሩን ስም አንድ በአንድ ቆርጬ ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

ዘውገ፦ ስምንት ሰዓት ሩቅ አይደለም። ቄሶቹም ሰዓት ያከብራሉ።

ልዑልሰገድ፦ ቢያንስ የኮሚቴውን…

ዘውገ፦ እኔ ልሂድ። ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማን እንደመጣ ልይ።

ልዑልሰገድ፦ ይቆዩ! ቆይ… ይኸው። ሁሉንም መረጥኩ። «ይጥፋ?» ይላል።

ዘውገ፦ ይጥፋ በለው።

ልዑልሰገድ፦ …ጠፋ።

ዘውገ፦ ሠላሳ ሰባትን ንካው እስቲ።

ልዑልሰገድ፦ ይኸው፤ ምንም የለም። ባዶ ነው። ተደሰቱ?

ዘውገ፦ አልተደሰትኩም። ቀለል አለኝ።

ልዑልሰገድ፦ አሁን ሰዉን ማን ያስመልሰዋል?

ዘውገ፦ አንተ። ከመኪናው ውረድ።

ልዑልሰገድ፦ ወርጄስ?

ዘውገ፦ በእግርህ ቤት ለቤት። ዳገቱን ከላይ ጀምረው፣ ስትደክም ቁልቁል ይሆንልሃል። ቶሎ ቶሎ ከተራመድክ ቄሶቹ ሳይነሱ ትጨርሳለህ።

ልዑልሰገድ፦ እኔ? ሁለት መቶ አሥር በር ላንኳኳ?

ዘውገ፦ ሳንባ ያለው ሁሉ ይችላል አልክ እኮ።

ልዑልሰገድ፦ አብረውኝ ይምጡ እንጂ። ከጎኔ ሲቆሙ ያምናሉ።

ዘውገ፦ ትርንጎ ያ ድንኳን በሩ ላይ ተተክሎባት ቤት ብቻዋን ናት። ዛሬ አልጣራም፤ ዛሬ ከእሷ ጋ ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ። እሺ፣ ልሂድ። ግን… በር ሲከፈትልኝ ምን ብዬ ልጀምር? አነጋገሩን እንኳ ያስተምሩኝ።

ዘውገ፦ መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገራቸው። ሁለት ዓመት ጸሐፊያቸው ሆነህ፣ ከሁለት መቶ አሥሩ ቤት አንዱም አያውቅህም።