አናጢውና በሕይወት ያለው እንጨት

ሽማግሌው አናጢ ለልጅ ልጃቸው የሆድ ቁርጠት ሽሮፕ ገዝተው ሲመለሱ፣ አንዲት ወጣት ሴት በራቸው ላይ ቆማ የግቢያቸውን ማንጎ ዛፍ አንጋጣ ስታይ አገኟት። አናጢው በጠባያቸው ተጠራጣሪ ናቸው። ወተት ሲገዙ ሻጩ እያየ ያሸታሉ፤ እንደምን አደሩ ያላቸውን ሰው ምን ፈልጎ ይሆን እያሉ እስከ ምሳ ድረስ ያስባሉ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉ።

«ምንም አልጠፋብኝም አባቴ። ዛፍ ከርካሚ ነኝ፤ የተማርኩትም የምሠራውም ይህንኑ ነው። ያ ወፍራም ቅርንጫፍ ከየትኛው ክፍል በላይ ነው ያለው?»

አናጢው ሽሮፑን ኪሳቸው ከተቱ። ከቅርንጫፉ ሥር ያለው ክፍል አራስ ልጃቸው ከሕፃኗ ጋር የምትተኛበት ነው፤ ይህን ግን ለማያውቋት ሴት አይናገሩም። ይልቅ ዓይናቸው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጡረተኛው ሾፌር ቤት ሄደ። ሁለቱ ሰዎች የማንጎው ቅጠል የሾፌሩን አሸንዳ ደፈነ፣ አልደፈነም በሚል ከተኳረፉ ቆይተዋል። የወጣቷ ገመድና የራስ ቁር ደግሞ የሾፌሩን በር ተደግፎ ይታያል።

«ገባኝ፤ ዛፌን ሊያስቆርጥብኝ ነው» አሉ በልባቸው። በአፋቸው ያሉት ግን «ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ነው። እንዲህ ናቸው፤ የጠረጠሩትንም ሰው ቢሆን ወንበር ሳይሰጡት አይሟገቱትም።

«ይህን ዛፍ የምከረክመው እኔው ነኝ» አሉ ከተቀመጡ በኋላ። «የቆረጥኩበትን እዪው፣ ከግንዱ እኩል ነው፤ እጅ አይዝም። ከዚያ ቀለም ቀባሁት። ደህና አናጢ ጉብታ ትቶ አይሄድም።»

«ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ እጅዎን እስም ነበር» አለች ወጣቷ። «የእርስዎ እንጨት ግን የሞተ ነው፤ ይሄኛው በሕይወት አለ። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት ዙሪያው እብጥ ያለ ነው፤ እኛ ኮሌታ እንለዋለን። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። ከግንዱ እኩል ሲልጉት ኮሌታውም አብሮ ይሄዳል።»

«ቀለሙስ? ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። እርስዎ በር ሲሠሩ እንጨቱ ሳይደርቅ ይቀባሉ?»

አናጢው ይህንን ያውቃሉ። እርጥብ እንጨት የሚቀባ አናጢ ቢያዩ ሰላምታም አይሰጡትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ወጥመድ መሰላቸው፤ ትክክል የሆነ ነገር ከማያምኑት ሰው አፍ ሲወጣ ይበልጥ ያስፈራቸዋል።

«አንቺስ እንዴት ነው የምትቆርጪው?»

«ሦስት ቦታ። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብዬ ከታች ወደ ላይ በመጋዝ ትንሽ እገባለሁ። ቀጥዬ ከዚያ ወጣ ብዬ ከላይ እቆርጠዋለሁ፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ እንዳይሄድ የታችኛው ቁርጥ ያግደዋል። የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ከኮሌታው ውጪ አነሳዋለሁ። ወፍራም ከሆነ በገመድ አስሬ ነው የማወርደው። ከሥሩ ሰው አይቆምም። መሰላልም በሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ አይደገፍም።»

የመሰላሉ ነገር አናጢውን ቆነጠጣቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስደግፉ የኖሩት እዚያው ላይ ነበር። ተናደዱ።

«በአንድ የሚያልቀውን ሥራ ሦስት ቦታ የሚከፋፍል ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለ። አናቱን ቆርጠሽ ልታደርቂብኝ ነው?»

«አናት መቁረጥስ የእርስዎ ልማድ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ከላይ እንደ መጥረጊያ የበቀለውን ያዩታል? ዛፍ አናቱን ሲያጣ ተደናግጦ ነው እንዲህ ቀጫጭን የሚያበዛው። እነዚያ ደግሞ ጠንካራ መያዣ የላቸውም፤ ሲከብዱ ነፋስ ይገነጥላቸዋል።»

«ማን ነው የላከሽ?» አሉ አናጢው በድንገት።

«ጎረቤትዎ ናቸው።»

«ይኸው!» ጥርጣሬያቸው እውነት ሆኖ በመገኘቱ ደስ አላቸው። «አስወግጂልኝ አለሽ አይደል?»

«የለም። ‹የሕፃኗ ለቅሶ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል፣ ያ ቅርንጫፍ ከበላይዋ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ ሂጂና እዪው› ነው ያሉኝ።»

አናጢው ክፉ መልስ አዘጋጅተው ሲጠብቁ ደግ ነገር ነው የመጣባቸው። «ማንም እንዲህ ማለት ይችላል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔንም እሳቸውንም አይመኑን። ጆሮዎን ይመኑ። መዶሻ አለዎት?»

የእንጨት መዶሻቸውን አመጡና ደህናውን ግንድ መቱት፤ ድምፁ ጠጣር ነው። ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ሥር ያለውን፣ ራሳቸው ልገው ቀለም የቀቡትን ጠባሳ ሲመቱት ግን እንደ ባዶ ሳጥን ጮኸ። ደግመው መቱት። የበሰበሰ እንጨት ድምፅ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው አስተማሪ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ወጣቷ ከግንዱ በሌላ ወገን ጠራቻቸው። እዚያ ያለው ጠባሳ ዙሪያውን በአዲስ ልጥ ተከቦ ሊገጥም ምንም አልቀረውም።

«ይሄንንስ ማን ቆረጠው?»

«እኔው። ያን ቀን እጄን አሞኝ ሳላስተካክለው ተውኩት። ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኛል።»

«ከሥራዎ ሁሉ ያማረው እሱ ነው አባቴ።»

አናጢው አልሳቁም። ፈርተው ነበር። ወደ ቤት ገብተው ልጃቸውን «ተነሺ፣ ሕፃኗን ይዘሽ ወደ ሳሎን ሂጂ፤ አሁኑኑ» አሏት። ምን ሆነ ብትላቸው ትራሷን ራሳቸው አነሱላት።

ወጣቷ ገመዷን አምጥታ እንዳለችው ሦስት ቦታ ቆረጠች፤ ቅርንጫፉ በገመድ ተይዞ ቀስ እያለ ወረደ፤ አንድም የጣሪያ ቆርቆሮ አልነካም። አናጢው የተቆረጠውን ጫፍ አዩት፤ መሐሉ ክፍት ነው። እጃቸውን እስከ ክርን ከተው ጥቁር ፍርፋሪ አወጡ። ወጣቷ የግንዱ ሌላ ወገን ጤነኛ መሆኑን፣ በየዓመቱ ግን መታየት እንዳለበት፣ ከቅጠሉም በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ መነሳት እንደሌለበት ነገረቻቸው። በዚህ መንገድ ሲያዝ ዛፉ ቁስሉን ይዘጋል፣ ፍሬውን ይሰጣል፣ ሥሩም ሰው ያለ ስጋት ይተኛል። አናጢው እንደ ተማሪ እየደገሙ አዳመጧት። በሙያው የተመሰገነ ሰው ከሙያው አንድ እርምጃ ወጣ ሲል ጀማሪ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ፣ ብዙ ቤት ከብዙ አደጋ በተረፈ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ሾፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በደህና ወረደ?»

«ወረደ። ውስጡ ባዶ ነበር።»

አናጢው ወደ አጥሩ ተጠጉ። ምስጋናው ከአፋቸው አልወጣ አላቸው፤ ከሱ የሚብስ የሚናገሩት ነበራቸው። «ሳንኳረፍ በፊት ያን የጓሮህን ዛፍ የከረከምኩልህ እኔ ነኝ። እሱንም እንደዚሁ ነው የላግሁት፣ ቀለምም ቀብቼዋለሁ። ልጅቷ እስክታየው ድረስ ሥሩ አትቀመጥ።»

ሾፌሩ ወደ ጓሯቸው ዞር ብለው አዩ። «ወንበሬ እኮ እዚያው ነው ያለው።»

«አውቃለሁ» አሉ አናጢው። «አንሳውና እኔ ጋ አምጣው። እዚህ ተቀመጥ።»