የቻይና ጡረተኞችና የሞምባሳ ባቡር

ከሳውዝ ሲ ሰፈር በተነሳው ማታቱ፣ ማለትም ሚኒባስ ታክሲ፣ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሐበሾች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ወጣት፣ ሌላዋ እንደኔ ያረጁ እናት። ጆሮዬ ደህና የሚሠራው ለሰው ወሬ ብቻ ነውና አዳመጥኩ።

«ትናንት ቻይናውያን ጡረተኞች እኔ ቤት ምሳ በሉ፤ አንበሳ አይተው መመለሳቸው ነበር» አለች ወጣቷ።

«በዚህ ዕድሜ? የልጅ ልጅ የላቸውም?»

«አላቸው እንጂ እማማ። እዚያም አሳዳጊዋ አያት ናት። አንዷ በስልካቸው አስተርጉመው ነገሩኝ፤ ጡረታ የወጡ ዕለት ልጆቻቸው ሕፃን አስታቀፏቸው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ሻንጣቸውን አነሱ።»

«ባላቸውስ?»

«ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ። ሴትዮዋ ግን የእሱን ጉልበት ቁጭ ብዬ አልጠብቅም አሉ።»

«እኔም ነገ በባቡር ሞምባሳ ልሄድ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም። ዛሬ ልጄ ደውላ፣ ሦስተኛ አርግዣለሁና ቅሪልኝ አለችኝ።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ እስክትወልድ አሥር ጊዜ ደርሰው ይመለሳሉ።»

እናትየው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ልጄ፣ ነገ እሄዳለሁ። ስመለስ እንነጋገራለን» ብለው ዘጉት።

እኔ ጡረተኛው ሽማግሌ ለልጅ ልጄ የገዛሁትን ዳይፐር ማንም ሳያየኝ በእግሬ ወደ መቀመጫው ሥር ገፋሁት።